«አሉ» የጎደለው ወሬ፤ እውነተኛ ነገርን በተረት ስልት ስለ መጻፍ የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ አንድ የአጻጻፍ ልማድ እየበረታ መጥቷል። ይኸውም ጋዜጠኛው የሰበሰበውን ወሬ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ በሚለው በቀድሞው ደረቅ ሥርዓት ከማቅረብ ይልቅ እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ሰዓቱንና የአየሩን ጠባይ ሥሎ፣ ሰዎቹን እያነጋገረ፣ አንዳንድ ጊዜም በልባቸው ያለውን ሐሳብ ሳይቀር እየገለጠ መተረኩ ነው። ስለ ገበሬ የሚጻፍ ከሆነ ጽሑፉ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል፤ ስለ ስደተኛ የሚጻፍ ከሆነ እናቲቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች፤ ስለ ከሰል የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ጭስ አይታጣም። ከመምህራኖቻችን መካከል ይህን ስልት «ተረት» ብለው የሚንቁት አሉ፤ ከእኛ ከተማሪዎቹ ወገን ደግሞ ያለዚህ ማንም ጋዜጣ አያነብም የምንል እንበዛለን።

በዚህ ጽሑፍ ስልቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለን አንከራከርም፤ እንደሚጠቅም ከወዲሁ እናምናለን። የምንመረምረው ጋዜጠኛ ከተራኪ ዕቃ ሲዋስ የትኛውን ዕቃ ትቶ እንደሚሄድ ነው። ጥያቄው የመጣብንም ከመጽሐፍ ሳይሆን ራሳችን ከሠራነው ጥፋት ነው፤ እርሱን ግን በቦታው እንናገራለን።

አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ከገበያ ቀኗ ጋር የተያያዘ መሆኑን አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ከየቀበሌው ለገበያ የሚመጣው ሰው ግማሹን በአውንጊ ግማሹን በአማርኛ እየተጫወተ ይውላል፤ እህልና ከብት የሚሸጠውን ያህል ወሬም ይለዋወጣል። ባለፈው ክረምት የዕረፍት ጊዜያችንን እዚያ ስናሳልፍ፣ ከሰል የጫነ አንድ የጭነት መኪና ከመንገድ ወጥቶ የተገለበጠበትን ወሬ በአንድ ቅዳሜ ከሦስት ሰዎች ሰማን።

አንደኛው ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ ልጅ ሲሆን የተናገረው አጭር ነበር፤ ጎማው ጭቃውን ሲስት አየሁ፣ ዘለልሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁም አለ። ሁለተኛዋ የጠላ ቤት ባለቤት ናት፤ እርሷ ደግሞ ሾፌሩ ሌሊቱን እንዳልተኛ ከረዳቱ ሰምታ ነገረችን። ሦስተኛው በቦታው ያልነበረ፣ ረዳቱንም በዐይኑ ያላየ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያማረው የእርሱ ወሬ ነበር። ሾፌሩን አናገረው፤ «ዛሬ አዲስ አበባ ሳልገባ ባድር ሰው አይደለሁም» አሰኘው፤ የሞተሩን ድምፅ በአፉ አሰማ፤ ማዳበሪያዎቹ ወደ ገደሉ ሲንከባለሉ በእጁ አሳየ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ «አንተ፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለው ጠየቁት። ሰውየውም ሳያፍር «ኧረ እኔ የት አይቼ፣ አያ! አሉ ነው እንጂ» አለ። ሽማግሌውም «እንግዲያስ አሉ በልበት» ብለው ጠላቸውን ጠጡ። ወሬው ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «አሉ» ገባበት፤ ጣዕሙ ግን አልቀነሰም።

ይህች ትንሽ ቃል የምትሰጠውን አገልግሎት ለመረዳት አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር እንዴት እንደሚያቀርብ ማሰብ ያሻል። እንግሊዝኛ የተናጋሪውን አነጋገር ወደ ሦስተኛ ሰው መልሶ ያቀርባል፤ አማርኛ ግን ተናጋሪውን ራሱን «እኔ» እያሰኘ ያናግረዋል። «እመጣለሁ አለ» እንላለን። ይህን የሚል ሰው ግን ወዳጁ የተናገረው ቃል በቃል ይህ ነበር ብሎ መማሉ አይደለም፤ ወዳጁ «ሳልመጣ አልቀርም» ብሎ ሊሆን ይችላል። ከዚህም አልፎ «ልሂድ ብሎ ተነሣ» ስንል ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡን ነው በንግግር የገለጥነው። ሆዴ ሂድ ሂድ አለኝ እንላለን፤ ዝናቡ ልምጣ ልምጣ ይላል እንላለን፤ ሆድም ዝናብም አፍ የላቸውም። በሌላው ዓለም የልብ ወለድ ደራስያን ብዙ ዘመን ደክመው ያገኙትን ወደ ሰው ልብ የመግባት ዘዴ የእኛ ቋንቋ ለማንም ገበያተኛ በነጻ ሰጥቶታል።

በነጻ የሰጠው ግን ከነልጓሙ ነው፤ ልጓሙም «አሉ» ነው። ወሬ ነጋሪው ያላየውን ሲያወራ የፈለገውን ያህል ያናግራል፤ መጨረሻው ላይ ግን ቃሉን ከራሱ ላይ አውርዶ ለባለቤቱ ይመልሳል። ማተሚያ ቤት ሲመጣ ትእምርተ ጥቅስ ይዞ መጣ። ትእምርተ ጥቅስ ደግሞ ከውጭ የመጣ ውል ነው፤ በውስጡ ያለው ቃል ያለ መጨመርና ያለ መቀነስ ከተናጋሪው አፍ የወጣ ነው ይላል። እንግዲህ አንድ ጋዜጠኛ በገበያው ልማድ ሰውን አናግሮ፣ ንግግሩን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ፣ «አሉ» የሚለውን ለአጻጻፉ ውበት ሲል ቢሰርዘው፣ በአዲስ ቅዳም ገበያ ያለ የመጨረሻው ወሬኛ እንኳ ያልደፈረውን ደፈረ ማለት ነው።

ለተረትም ቢሆን አማርኛ በር አበጅቶለታል። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ብሎ ሰሚውን ያስጠነቅቃል፤ ሰሚውም ተቀብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያ በኋላ ጅብ ቢናገር ምስክር የሚጠራ የለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሲሰይሙት በዚያው በር አስገቡት፤ ልብ የወለደው ነው ማለት ነው። በር የሌለው ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬ ዜናም ይሆናል፣ ሐሜትም ይሆናል። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃ በሚባለው፣ ተሟጋቹ በግጥምና በምሳሌ ዳኛውን ሊያስደንቅ ይችል ነበር፤ ምስክር ሆኖ የቀረበው ሰው ግን እንዲያ ሊያደርግ አይፈቀድለትም፤ ያየውንና የሰማውን ይናገራል እንጂ። የዘመናችን ተራኪ ጋዜጠኛ ችግሩ በአንድ ጊዜ ተሟጋችም ምስክርም ልሁን ማለቱ ይመስለናል።

«አሉ» የጎደለው ወሬ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ግን ከአዲስ ቅዳም ጠላ ቤት ወጥተን ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት መሄድ ይኖርብናል። ስለ አገራችን እውነተኛ ትረካ ተብለው ከተጻፉት መካከል በውጭ አገር እጅግ ከታወቁት አንዱ ስለዚያ ግቢ የተጻፈ ነውና። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ (1932–2007 እ.ኤ.አ.) የፖላንድ ዜና አገልግሎት ጋዜጠኛ ነበር። «ንጉሠ ነገሥቱ» የተባለው መጽሐፉ በ1978 እ.ኤ.አ. በፖላንድኛ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለንደን ውስጥ በቴያትር መልክ ታየ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ጋዜጠኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከወረዱ በኋላ በአዲስ አበባ እየተደበቀ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎችን ፈልጎ ያነጋግራል፤ እነርሱም ተራ በተራ የግቢውን ኑሮ ይመሰክራሉ። ስማቸው አይጠራም፤ በፊደላት ብቻ ይታወቃሉ። ከመካከላቸው ሉሉ የተባለው ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በጨርቅ መጥረግ ብቻ ሥራው የነበረ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ሲቀመጡ ከእግራቸው በታች ትራስ የሚያኖር አለ።

መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ስናነበው መብራት ሳናጠፋ አድረናል፤ ይህን ሳንናገር ብንነቅፈው ግፍ ይሆንብናል። ሥልጣን በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ሹመት ፈላጊ እንዴት ፊቱን እንደሚያጣ፣ ወሎ በረኃብ ሲያልቅ ግቢው እንዴት ስለ ሥርዓት ብቻ ይጨነቅ እንደ ነበረ የጻፈው ክፍል አይረሳም። የተናጋሪዎቹን ስም መደበቁንም አንነቅፍበትም። በደርግ ዘመን የቤተ መንግሥት ሰው ነበርሁ ብሎ ለባዕድ ጋዜጠኛ የተናገረ ሰው ስሙ ቢወጣ ምን ይደርስበት እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቃሉ።

ነቀፋችን ከዚህ ይጀምራል። ትራስ አኗሪው፣ ጫማ ጠራጊውና ባለሥልጣኑ ሦስቱም በአንድ አፍ ይናገራሉ። ዐረፍተ ነገራቸው ረዥም፣ ያጌጠ፣ በማዕረግ ስም የታጨቀ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን በየመሥመሩ አዲስ በተፈጠረ የውዳሴ ስም ይጠሯቸዋል። ደራሲው ይህን አነጋገር ለመሥራት የጥንት ፖላንድኛ መጻሕፍትን እያገላበጠ የተረሱ ቃላት እንደ ሰበሰበ የታወቀ ነው። እኛም ለሙከራ ያህል ከእንግሊዝኛው አንድ ገጽ ወስደን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞከርን፤ አልሆነልንም። የአማርኛ የቤተ መንግሥት አነጋገር ድኻ ሆኖ አይደለም፤ «ጃንሆይ» አለ፣ «ግርማዊነትዎ» አለ፣ «ሥዩመ እግዚአብሔር» አለ። ነገር ግን እነዚህ የተወሰኑና የታወቁ ናቸው፤ አንድ አሽከር እንደ ፈቀደው በየደቂቃው አዲስ አይፈጥርላቸውም። አክብሮትንም አማርኛ የሚያኖረው በግሡ ውስጥ ነው፤ «ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አዘዙ» ማለት ብቻውን ይበቃዋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ በትእምርተ ምስክርነት የቀረበው ቃል ከበስተጀርባው አማርኛ የለውም። ከአማርኛ ካልተተረጎመ ደግሞ የተናገረው ማን ነው?

ሁለተኛው ነገር የሐቅ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ ንጉሠ ነገሥቱ ወሬ በጆሯቸው የሚሰሙ እንጂ የሚያነቡ እንዳልነበሩ፣ በእጃቸውም እንደማይጽፉ፣ ፊርማቸውን የቅርብ ሰው እንኳ እንደማያውቀው ይናገራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረው ያነቡ ነበር፤ በስደት ባዝ ከተማ ሳሉ የጀመሩት የሕይወት ታሪካቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያው ክፍል በ1965 ዓ.ም. ታትሟል፤ ፊርማቸው ያለባቸው ለእንግዳ የተሰጡ ፎቶግራፎችም ዛሬ ድረስ ይገኛሉ። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠና የነበረው አሜሪካዊ ሃሮልድ ማርከስ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዛዊው ጆን ራይል በ2001 እ.ኤ.አ. ይህንና ይህን የመሳሰለውን ስሕተት ዘርዝረዋል፤ አርቱር ዶሞስዋቭስኪ የተባለ የአገሩ ልጅ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. በጻፈው የሕይወት ታሪክ የጋዜጠኛውን ጠቅላላ ሥራ በዚሁ ዐይን መርምሮታል።

እኛ ወደዚህ ክርክር የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ አሽከር «ጃንሆይ ማንበብ አይወዱም» ብሎ ለካፑሽቺንስኪ ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ የግቢ አሽከር ስለ ጌታው የሚያወራው ወሬ ብዙ ነው። «እንዲህ ይባል ነበር አሉ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ በመጽሐፉ ላይ ጠብ ባልነበረን፤ ሐሜቱ ራሱ ስለ ግቢው አንድ እውነት ይነግረን ነበርና። «አሉ» ሲሰረዝ ግን ሐሜቱ ታሪክ ሆነ።

ለደራሲው የሚሟገቱለት ሰዎች መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም፣ በዘመኑ ፖላንድን ይገዛ ስለ ነበረው ስለ ኤድዋርድ ጌሬክ መንግሥት ነው፤ ሳንሱሩን ለማለፍ ሩቅ አገር መረጠ ይላሉ። የዋርሶ አንባቢ እንዲህ ተረድቶት እንደ ነበረ እናምናለን። ይሁን እንጂ ለዋርሶ ሰም የነበረው ለእኛ ወርቁ ነው። ቅኔ ሲሆን ሰሚው ሰምና ወርቅ እንዳለው ያውቃል፤ በለንደንና በኒውዮርክ ያነበበው ሰው ግን የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ኑሮ በእማኞች ቃል እንዳነበበ ሆኖ ነው መጽሐፉን የዘጋው። «ተረት ተረት» ያለው ሰው አልነበረም።

በዚያው ዘመን በአገራችን በሥዕል የተሠራውም ሥራ ሊረሳ አይገባም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ያሳየበት ፊልም በ1973 እ.ኤ.አ. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ ቀጥሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ለሕዝብ አሳየው። ረኃቡም እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን «ስለዚህ» የሚለውን ቃል የተናገረው ግን መቀስ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ብዙ ተጽፎበታል፤ እኛ ሁለት ምሳሌ ብቻ እናነሣለን። ጆን ኸርሲ በ1946 እ.ኤ.አ. ስለ ሂሮሺማ ሲጽፍ ከቦምቡ የተረፉ ስድስት ሰዎችን መርጦ በዚያች ጧት እያንዳንዳቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበረ ተረከ፤ ልብ ወለድ ይመስላል፣ ግን የራሱን ድምፅ እጅግ ዝቅ ስላደረገ አንባቢው ተናጋሪዎቹን ብቻ ይሰማል። ትሩማን ካፖቲ በ1966 እ.ኤ.አ. አንድ ቤተ ሰብ ስለ ተገደለበት ወንጀል ያሳተመው መጽሐፍ ቃል በቃል እውነት ነው ተብሎ ቀረበ፤ ኋላ ግን የመጨረሻው የመቃብር ሥፍራ ትዕይንት ፈጠራ መሆኑ ታወቀ። ኸርሲ በ1980 እ.ኤ.አ. በጻፈው ሒስ ላይ ጋዜጠኛ ካየው ቢቀንስ አንባቢ ይታገሠዋል፣ ቢጨምር ግን ውሉ ይፈርሳል የሚል አሳብ አቅርቧል። አሳቡን እንቀበላለን፤ ለአማርኛ ግን አይበቃውም እንላለን። ከላይ እንዳየነው የእኛ ቋንቋ ሲጨምር ሳይታወቀው ነው የሚጨምረው፤ «ብሎ» በማለት ብቻ ልብ ውስጥ ይገባልና።

የካፑሽቺንስኪን መንገድ ተቃራኒ የሄደው በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሮ፣ በአሜሪካ የጋዜጠኝነት ትምህርት ጨርሶ፣ «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን ያዘጋጀ ጋዜጠኛ ነበር፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ ቀይ ኮከብ የተባለውን ዘመቻ ሲከፍት ለዘመቻው የማስታወቂያ ሥራ አሥመራ ሄደ። ያየውን ግን በጋዜጣ አልጻፈውም፤ በጋዜጣ ሊጻፍ የሚችል አልነበረምና። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ ልብ ወለድ አሳተመ። ባለታሪኩ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እንደ ደራሲው ጋዜጠኛ ነው፤ እንደ ደራሲው ወደ አሥመራ ለዘመቻው ይላካል፤ የዘመቻውን ተስፋና በናቅፋ ተራሮች ላይ የደረሰውን መክሸፍ ያያል። ሰዎቹ ስማቸው ተለውጧል፤ የዘመኑ አንባቢ ግን ማን ማን እንደ ሆነ አላጣውም ይባላል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ፖላንዳዊው የፈጠረውን «እውነት» አለው፤ በዓሉ ያየውን «ልብ ወለድ» አለው። በዓሉ በሩ ላይ «ተረት ተረት» ብሎ ገባ፤ ባለሥልጣኖቹ ግን ምስክርነት ሰሙ፤ የቀጡትም እንደ ተረት ነጋሪ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው። በድርሰቱ በኩል የምንነቅፈው የለም ማለት አይደለም። የጸጋዬና የፊያሜታ ጊላይ ፍቅር በብዙ ገጽ ላይ ከሲኒማ የተቀዳ ይመስለናል፤ ዘመቻው የተተረከበት ክፍል ግን የጋዜጠኛ ዐይን ያለበት ነው፤ ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ በመፈክሩና በወታደሩ ድካም መካከል ያለው ርቀት ሁሉ አለ። ሌላም ጉዳት አለው። ዛሬ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲነሣ ብዙ ወጣት የሚጠቅሰው «ኦሮማይ»ን ነው። የትኛው ገጽ የታየ፣ የትኛው ገጽ የተወለደ እንደ ሆነ የሚነግረን አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም የለም። ለዚህ ጉዳት ግን ተጠያቂው ደራሲው አይደለም፤ ምስክሩን በተረት በር እንዲገባ ያስገደደው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ስንማር የተማሪዎች መጽሔት ነበረችን፤ በእርሷ ላይ ስለ አዲስ ቅዳም ከሰል ጻፍን። ጉዳዩ ሊጻፍ የሚገባው ነበር። የፋግታ ለኮማ ገበሬ እህል ያበቅልበት በነበረ ማሳ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ የግራር ዘር ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ያከስለዋል። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። በዚህ ዛፍ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል። ይህን ሁሉ ጻፍን፤ ደረቅ መሰለንና መግቢያ አበጀንለት። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው የሠፈራችን ሴት በክምሩ አጠገብ ጎሕ ሲቀድ ተቀምጠው ጭሱን እያዩ ሟች ባላቸውን ሲያስቡና «ብቸኛ ቀረሁ» ሲሉ ጻፍን። ሴትዮዋ አሉ፤ ባላቸው መሞቱም እውነት ነው፤ ክምሩም ጭሱም እውነት ነው። ሐሳቡ ግን የእኛ ነበር፤ በትእምርተ ጥቅስም አስገባነው። መምህራችን በቀይ ቀለም «እጅግ መልካም» ብለው ጻፉልን።

መጽሔቷ እንዴት አዲስ ቅዳም እንደ ደረሰች ዛሬም አናውቅም። ለዕረፍት ስንመለስ የሟቹ ወንድሞች ተቀይመውን ቆዩ፤ «የወንድማቸውን ሚስት ሜዳ ላይ ጣሏት ተብሎ ተጻፈብን» ብለው ነው። ሴትዮዋ ራሳቸው ጠሩን። የተናገሩንን ቃሉን በቃል አልያዝነውም፤ እንደምናስታውሰው ግን እንዲህ የሚል ነበር፤ ልጄ፣ ያን ጊዜ እኔ የማየው ቀዳዳውን ነው፤ አፈሩ በተሰነጠቀበት አየር ከገባ እንጨቱ ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ሙት የማስብበት ጊዜ መች አገኘሁና አሉን።

ብዙ ጊዜ አስበንበታል። እፍረቱ ከቀለለ በኋላ የቀረብን አሳብ ይህ ነው፤ የሴትዮዋ ቀዳዳ ከእኛ እንባ ይሻል ነበር። የአምስት ዓመት ዛፍ በአንድ ሌሊት በአንድ ስንጥቅ ሊጠፋ የሚችል መሆኑ፣ አንዲት ሴት ጭቃ በእጇ ይዛ ክምሩን እየዞረች ማደሯ፣ ይህ ራሱ ታሪክ ነው። ያልጻፍነው ስላልጠየቅን ነው፤ ያልጠየቅነውም ሐዘን የሚያምር መስሎን አስቀድመን ስለ ወሰንን ነው። በተረት ስልት የሚጽፉ ብዙ ባልደረቦቻችን ላይ ይህንኑ እናያለን። ፈጠራው ብዙ ጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ከስንፍና ነው። ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ከመጠየቅ ሰውየውን ጎሕ ላይ አስቀምጦ ማሳዘን ይቀላል።

ባለፈው ክረምት ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቀን፣ ፈቃዳቸውንም አግኝተን፣ ያንን መግቢያ እንደ ገና ለመጻፍ ሞከርን። ሲቆጡ በአማርኛ የሚቆጡት ሴትዮ ሥራቸውን ሲያስረዱ አውንጊ ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ ጎረቤታቸው አስተረጎሙልን። የጻፍነውም እንዲህ ይላል፤ ክምሩ በሚነድበት ሌሊት እንደማይተኙ ነገሩን፤ ጭሱ ሲነጣ የእንጨቱ ውሃ እየወጣ ነው አሉ፤ ሲሳሳና ሲሰማይ መልኩን ሲይዝ በስሏል አሉ፤ አስተርጓሚው ጎረቤት ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ክምር አመድ ሆኖባቸው ነበር አሉ፤ እርሳቸው ግን ይህን አላነሡልንም፤ እኛ የደረስነው ጎሕ ሲቀድ ስለ ነበር ሌሊቱን አላየነውም።

ለዚህ መጽሔት ከማቅረባችን በፊት ያሳየነው አንድ የክፍል ጓደኛችን «አሉ» በዛ፣ አንዱን አውጡት አለን። እየደጋገምን አነበብነው። የመጀመሪያውን ብናወጣው የጭሱን ነገር እኛ የምናውቀው ይመስላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ነው፤ ሦስተኛው ቢወጣ ሴትዮዋ ያልተናገሩትን አፋቸው ላይ እናኖራለን። ጓደኛችን ይህን ሰምቶ፣ እንግዲያስ ቢያንስ ጎሕ መቅደዱን ተዉት፣ እርሱ የሁሉም ጋዜጣ መግቢያ ነው አለ። የደረስነው ግን በእርግጥ ጎሕ ሲቀድ ነበርና አልሰረዝነውም።